ድሪቶው ውስጥ የቀረችው መርፌ

ወንድ ልጅ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲያወዛውዝ ቢውል «ባለሙያ» ይባላል። መርፌ በእጁ ይዞ ሲሰፋ ከተገኘ ግን «ምን ነካው?» ነው። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? እግሩ ላይ መሰለኝ።

እኔ መካነ ሰላም የማስተምር የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። አምና ብርዱ አላስተኛ ሲለኝ፣ ጎረቤቴ እትዬ ዘሃራ ድሪቶ መሥራት እንዲያስተምሩኝ ለመንኳቸው። ቁርጥራጭ ጨርቅ መገጣጠም፣ መሃሉ ላይ ባዘቶ መነስነስ፣ ከዚያ ባዘቶው እንዳይሸሽ ጠቅጠቅ አድርጎ መስፋት። አበባ ቆርጦ ከላይ መጣፍም አለበት። የእኔ አበባ ካርታ ላይ ያለ ደሴት መሰለ። እሳቸው ግን «ማሻአላህ!» አሉኝ፤ ከአድናቆት ይሁን ከድንጋጤ እስካሁን አልገባኝም።

ልጃቸው ሰዓዳ ስትወልድ፣ የመጀመሪያ ሥራዬን ለሕፃኑ ሰጠሁ። እትዬ ዘሃራም ጠርዙን በእጃቸው ሰፍተው አሳመሩልኝ።

ለሕፃኑ በግ በታረደበት የአቂቃው ዕለት ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል፤ ሕፃኑ ድሪቶዬ ላይ ተኝቷል፤ እኔ በምስጋና አብጫለሁ። ሐጂ ኡመር የሚባሉ ሽማግሌ የኮታቸው ቁልፍ ተበጠሰና «በል መምህር፣ መርፌ ካንተ አይጠፋም» አሉኝ። ኪሴ ገባሁ። ክር አለ፤ መርፌ የለም። መጨረሻ የያዝኳት መቼ ነበር? ድሪቶውን ስሰፋ!

«ልጁን አንሱት!» ብዬ ጮህኩ። እባብ የገባ መስሏቸው ግማሹ እንግዳ በር ላይ ተጋፋ። ሰዓዳ ልጇን አፈፍ አድርጋ፣ ልብሱን አውልቃ፣ ከእግር እስከ ራሱ ዳሰሰችው። ምንም አልሆነም፤ የከፋው መቀስቀሱ ብቻ ነው።

ሴቶቹ ምላጭ ይዘው ድሪቶውን ይተረትሩት ጀመር። ብዙም ሳይቆይ እትዬ ዘሃራ ከጠርዙ ውስጥ መርፌ መዘው «አልሐምዱሊላህ፣ ተገኘች!» አሉ። ሁሉም ተነፈሰ። ሐጂ ኡመር ደክሟቸው ኖሮ የተዘረጋው ድሪቶ ዳር ላይ አረፍ አሉ።

እኔ ግን መርፌዋን ተቀብዬ አየኋት። «እትዬ፣ ይቺ ወፍራም ናት። የእኔ ቀጭን ናት።»

እትዬ ዘሃራ የገዛ መርፌያቸውን የማያውቁት ሰው ያህል ትክ ብለው አዩዋት። ሐጂ ኡመር ዕድሜያቸው በማይፈቅደው ፍጥነት ተፈናጥረው ተነሱ።

የእኔዋ ከአበባው ሥር፣ ጫፏን ወደ ላይ ቀስራ ተገኘች።

መምህርና ተማሪ ጎን ለጎን ቆመን ይቅርታ ጠየቅን። ሰዓዳ ልጇን ደረቷ ላይ እንዳጣበቀች አየችን፤ አየችንና «ግድ የለም» አለች። «ለሁለተኛው ግን፣ ኢንሻአላህ፣ ዱዓችሁ ብቻ ይበቃኛል።»