የወንድሜ ሆድ ለእኔም ያገለግላል

[ሰዓት ሠሪው በየቀኑ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያደርጋት ነገር አለች። የእጅ ሰዓቱን ይፈታል፣ ጆሮው ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ከዚያ «ደህና ነህ» ብሎ መልሶ ያስራል። ዛሬም አድርጓታል። ግን ሱቁ ውስጥ አይደለም፤ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ ከአልትራሳውንድ ክፍሉ በር ፊት ለፊት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተኮራምቶ ነው። ከማለዳ ጀምሮ ሆዱን በቀኝ በኩል ወደ ታች እንደ ጦር እየወጋው ነው። አጠገቡ ታናሽ ወንድሙ፣ ቀለም ቀቢው፣ የተራ ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት ይዞ ቆሟል።]

ሰዓት ሠሪው፦ ተራችን ደርሷል አልኩህ። ግባ!

ቀቢው፦ ማን? እኔ?

ሰዓት ሠሪው፦ እዚህ ጆሮው ላይ ቀለም የደረቀበት ሌላ ሰው አለ?

ቀቢው፦ ጋሼ፣ የሚያመው'ኮ አንተን ነው።

ሰዓት ሠሪው፦ መች ካድኩ? የአንድ እናት ልጆች አይደለንም?

ቀቢው፦ ነን።

ሰዓት ሠሪው፦ በቃ! ካንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ሰዓቶች ሲመጡልኝ አንዱን ብቻ ነው የምከፍተው። ሁለተኛውን ምን አድክሞኝ እነካካዋለሁ? ያንተ ሆድ ከታየ የኔም ታየ ማለት ነው።

ቀቢው፦ እኔን ግን አላመመኝም።

ሰዓት ሠሪው፦ እሱማ እሰየው ነው! ጤነኛውን ያዩና እኔ ላይ የጎደለውን ያውቁታል።

ቀቢው፦ ምንም ባያገኙብኝስ?

ሰዓት ሠሪው፦ ያ ያላገኙት ነገር እኔ ጋ አለ ማለት ነው።

ቀቢው፦ ካገኙብኝስ?

ሰዓት ሠሪው፦ የሁለታችንም ነዋ! [ሆዱን ይዞ ያቃስታል።] ወይ ጉዴ... ላንተ ማስረዳት ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው።

ቀቢው፦ ዶክተሩ ግን የመረመረው አንተን ነው። «አሁኑኑ ይታይ፤ ከፈነዳ ለሕይወቱ ያሰጋል» ብሏል።

ሰዓት ሠሪው፦ እሱ ምን ያውቃል፣ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልበቀለም። ጨረር ውስጥ ገብቼ እንድጠበስለት ነው?

ቀቢው፦ ጨረር ያለው ራጅና ሲቲ ስካን ነው አሉ። ይሄኛው በድምፅ ነው የሚያየው። ጥበቃውን ጠይቄዋለሁ።

ሰዓት ሠሪው፦ [ይስቃል፤ ሳቁ ያመዋል፤ ያቆማል።] በድምፅ? የድምፅ ነገር ለኔ ይነገራል? ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ጆሮ ነው ልጆች ያሳደግኩት! ሆዴን ጠዋት ሳላዳምጠው የወጣሁ መሰለህ? የውሃ መሳቢያውን ጎማ አንዱን ጫፍ ሆዴ ላይ፣ አንዱን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሰምቼዋለሁ።

ቀቢው፦ ምን አለህ?

ሰዓት ሠሪው፦ ምንም። ጸጥ ብሏል።

ቀቢው፦ ጋሼ... ሰዓት ጸጥ ካለ ቆሟል ማለት አይደለም እንዴ?

[ሰዓት ሠሪው የእጅ ሰዓቱን ወደ ጆሮው ያስጠጋል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። የሰው ሰዓት ሲከፍት ዕድሜውን የፈጀ ሰው፣ የገዛ ሆዱ ሊከፈት ይችላል ብሎ ሲያስብ ይፈራል። ይህን ግን ለታናሹ ከሚናገር ሞቱን ይመርጣል።]

ሰዓት ሠሪው፦ ግባ ብያለሁ። የታላቅ ቃል አይረገጥም።

ቀቢው፦ እሺ።

ሰዓት ሠሪው፦ ስለኔ ትንፍሽ እንዳትል። የሚሉህን ብቻ አድርግ። ከራስህ ምንም አትጨምር።

ቀቢው፦ ከራሴ ምን አለኝ ብለህ ነው ጋሼ።

[ይገባል። ሰዓት ሠሪው ግድግዳውን ተደግፎ ጥርሱን ነክሶ ይጠብቃል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቀቢው ሸሚዙን እየቆለፈ ይወጣል። ከኋላው የአልትራሳውንድ ባለሙያዋ ባዶ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ትከተለዋለች።]

ባለሙያዋ፦ አባት፣ ይምጡ፤ ልደግፍዎት።

ሰዓት ሠሪው፦ እኔ አስታማሚ ነኝ።

ባለሙያዋ፦ አስታማሚ እንዲህ አይታጠፍም።

ሰዓት ሠሪው፦ [ወደ ወንድሙ] አንተ ነፈዝ! ተናገርክ!

ቀቢው፦ አፌን አልከፈትኩም። ሸሚዝዎን ይክፈቱ አለች፣ ከፈትኩ። ይተኙ አለች፣ ተኛሁ። ከዚያ «የሚያምዎትን ቦታ በአንድ ጣት ያሳዩኝ» አለች።

ሰዓት ሠሪው፦ እሺ?

ቀቢው፦ አሳየኋት።

[በአንድ ጣቱ ወንድሙን ያመለክታል።]

[ውስጥ። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ሰዓት ሠሪው በጀርባው ተኝቷል። ባለሙያዋ ሆዱ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት አፍስሳ መሣሪያውን ታንሸራትታለች። ቀቢውን «ውጭ ጠብቀኝ» ያለው ሰዓት ሠሪው ነው፤ እጁን ጨምድዶ ይዞ ያስቀረውም ራሱ ሰዓት ሠሪው ነው።]

ሰዓት ሠሪው፦ ልጄ፣ የወንድሜ ጤነኛ ነው አይደል? እሱን ጻፊልኝና እንሂድ።

ባለሙያዋ፦ የወንድምዎን አላየሁም። ስጫነው ነው ስለቀው የሚብሰው?

ሰዓት ሠሪው፦ ስትለቂው! ኧረ ስትለቂው!

ባለሙያዋ፦ ይቺን አዩዋት? ትርፍ አንጀት ናት። ደህና ብትሆን ስጫናት ትተኛልኝ ነበር። ይቺ አብጣለች፤ እምቢ ብላለች።

ቀቢው፦ [ስክሪኑን ትኩር ብሎ እያየ] ቁርጥ ጋሼን።

ባለሙያዋ፦ ደግነቱ አልፈነዳችም። ትንሽ ብትቆዩ ግን... ቀዶ ሐኪሙን ልጥራ። ዛሬውኑ ትወጣለች። [ትወጣለች።]

[በሩ ይዘጋል።]

ሰዓት ሠሪው፦ ስማ። ሆን ብለህ ነው ያሳየሃት?

ቀቢው፦ ከራስህ አትጨምር አልከኝ። አልጨመርኩም።

ሰዓት ሠሪው፦ [ጣራውን እያየ] እኔ ነኝ ለካ ነፈዙ።

ቀቢው፦ እሱንም አልጨምርም።

ሰዓት ሠሪው፦ ለሚስቴ ደውልላት። ሁሉንም ንገራት፤ በኔ ፋንታ እንዳስገባሁህ፣ እንደሰደብኩህ፣ ሁሉንም። አንዲት ነገር ብቻ ዝለልልኝ። እጅህን እንደያዝኩ እንዳትነግራት።

ቀቢው፦ እሺ ጋሼ። [በግራ እጁ ይደውላል።] እትዬ፣ አትደንግጪ። ትርፍ አንጀት ነው... አልፈነዳም፣ ሊያወጡለት ነው... አዎ፣ መጀመሪያ እኔን ነበር ያስገባኝ... አዎ፣ ሰድቦኛል... ነይ፣ ድረሺ... በር ላይ? በር ላይ ወጥቼ ልቀበልሽ አልችልም እትዬ... ኧረ ስንፍና አይደለም...

[ወንድሙን ያየዋል። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።]

ቀቢው፦ እጄን አልለቅ ብሎኝ ነው።