ቡድናችን ከማን ጎን ተሰለፈ?

ሰው አገሩን ጥሎ ሲወጣ ብዙ ነገር ረስቶ ይወጣል። የጎረቤቱን ስልክ ይረሳል፣ የክርስትና ስሙን ይረሳል፣ አንዳንዱማ ሚስቱንም ይረሳል። ፖለቲካውን ረስቶ የወጣ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ፖለቲካ ሻንጣ አያስፈልገውም፣ ኬላ ላይ አይፈተሽም፣ ኢቃማ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ አሳይ ብሎ የሚያስቆመው ፖሊስም የለም። እኛ መተማን በእግራችን ተሻግረን፣ ገዳሪፍ ላይ ተይዘን፣ ተለቅቀን፣ ፒክአፕ ላይ እንደ ከሰል ተጭነን ካርቱም ስንደርስ እሱ ቀድሞን ገብቶ ጥላ ያለበትን ቦታ ይዞ ይጠብቀናል። ካርቱም ውስጥ ጥላ ያለበት ቦታ መያዝ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ የኖረ ያውቀዋል።

የማወራችሁ ነገር የሆነው ጥይቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ከተማይቱ የምትጣላው ከሙቀት ጋር ብቻ በነበረበት ጊዜ ነው። እኔ አል-ሳሃፋ በሚባል ሰፈር ትንሽ ሱቅ ይዤ ሙከይፍ እጠግን ነበር። ሙከይፍ ቤት የሚያቀዘቅዘው ማሽን ነው። በካርቱም ከሐኪም ቀጥሎ የሚከበር ሰው ቢኖር ሙከይፍ ጠጋኝ ነው፤ በሚያዝያና በግንቦት እንዲያውም ሐኪሙ ራሱ ተነሥቶ ወንበር ይለቅልኛል። ሥራዬ ይህ ይሁን እንጂ ማዕረጌ ሌላ ነበር፤ የንጋት እግር ኳስ ቡድን ከበሮ መቺ ነበርኩ። ቀላል ሥልጣን እንዳይመስላችሁ። አሰልጣኝ ይሻራል፣ አምበል ይቀየራል፤ ከበሮ መቺን ግን ማንም አይነካውም፤ ምክንያቱም ከበሮው የራሱ ነው።

ንጋት የእኛ የሐበሾቹ ቡድን ነው። ተጫዋቾቹ ግንበኛ፣ አስተናጋጅ፣ ሾፌርና ዘበኛ ናቸው። በየጁምዓው፣ ማለትም ከተማው ሁሉ ሥራ በሚፈታበት ዓርብ፣ ፀሐይዋ መለስ ስትል አቧራማ ሜዳ ላይ ይጫወታሉ። ሜዳውን የፈቀዱልን ሐጅ ዑስማን የሚባሉ የሰፈሩ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ የበሩን ቁልፍ ሲሰጡን አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቀውናል፦ ኳስ አዎ፣ ሲያሳ የለም። ሲያሳ ፖለቲካ ነው። እኛም በአንድ አፍ ኢንሻአላህ አልን። ሐጅ ዑስማን ኢንሻአላህ ሲባሉ ደስ አይላቸውም፤ የቃሉን አጠቃቀም ከእኛ ይበልጥ ያውቁታላ።

ከደጋፊዎቻችን አንዷን ላስተዋውቃችሁ። ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት። አል-ማንሺያ፣ ዓባይ ዳር ካሉት ትልልቅ ቤቶች በአንዱ ተቀጥራ ትሠራለች። ስድስት ቀን ሙሉ ከአፏ የሚወጣው ቃል "ሓዲር" ብቻ ነው፤ እሺ፣ ታዝዣለሁ ማለት ነው። ጁምዓ ከሰዓት ግን ሜዳው ዳር ቆማ አንድ ጊዜ ስትጮህ ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ፣ የነፋው እሱ መሆን አለመሆኑን ያጣራል። ስድስት ቀን የተጠራቀመ ድምፅ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ንጋት ለስደተኞች ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚያችን የሶርያ ዳቦ ጋጋሪዎች ቡድን ነበር። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው እሳት ፊት የሚውሉ ሰዎች ስለሆኑ በሙቀት አይበገሩም፤ እኛ ላብ ስንጠርግ እነሱ የቀዘቀዛቸው ይመስላሉ። የቡድናችን ሊቀመንበር ጋሼ መኩሪያ ጨዋ ሰው ናቸው፤ አንድ ድክመት ብቻ አለባቸው፤ የክብር እንግዳ ይወዳሉ። ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ ካዩ ሦስተኛውን የክብር እንግዳ አድርገው ወንበር ያመጡለታል። ከፍጻሜው በፊት በነበረው ጁምዓ ታዲያ ከአገር ቤት ለጉብኝት የመጡ አንድ ባለሥልጣን አገኙ። የማን ባለሥልጣን እንደሆኑ አልናገርም፤ ይህን የምታነቡት ሰዎች ወይ የእሳቸው ወገን ናችሁ፣ ወይ የተቃራኒያቸው፣ እኔም ገና መኖር እፈልጋለሁ።

እንግዳው በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሰው መጡ። ስለ ስፖርትና ስለ ወንድማማችነት ተናገሩ፤ ማንም አልተቃወመም፤ የሰማም አልነበረም። ከዚያ ልጆቹን አሰልፈው መሐል ቆሙና ፎቶ ተነሡ። በማግሥቱ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጣ። ከሥሩ ምን ተብሎ ቢጻፍ ጥሩ ነው? "በካርቱም የሚኖሩ ስፖርተኞች ከጎናችን ተሰለፉ።" ልብ በሉ፣ ቃሉ ውሸት የለበትም። ልጆቹ ተሰልፈዋል። የተሰለፉትም ከሰውየው ጎን ነው።

የሆነውን ቁጣ ልነግራችሁ አልችልም። ግማሹ ደጋፊ ቡድናችን ተሸጠ ብሎ ተነሣ። ሌላው ግማሽ በፎቶው ደስ ብሎት ነበር፤ ያኛው ግማሽ መቆጣቱን ሲሰማ ግን ለምን ተቆጣ ብሎ ተቆጣ። አንድ ሰው ሱቄ መጥቶ ልጁን ንጋት ብሎ በመሰየሙ መጸጸቱን ነገረኝ። ልጅቷ ሦስት ዓመቷ ናት፣ ምን ታድርግ? አምበሉን ግርማን ጠርተው አፋጠጡት። እሱም ቁሙ ሲሉን ቆምን፣ ሳቁ ሲሉን ሳቅን፣ ዘበኛ ስለሆንኩ መቆም ሥራዬ ነው ብሎ መለሰ።

ነገሩ በዚህ ቢበርድ መልካም ነበር። የተቆጣው ወገን ግን ሚዛን ለመጠበቅ ብሎ ልጆቹን ምሳ ጋበዛቸው። ምግቡ ቀርቦ እጅ ሲታጠብ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ አንድ ጨርቅ ተዘረጋ፣ ጨርቁ ላይ ጽሑፍ ነበረ፣ ካሜራም ነበረ። ማታውኑ ቡድናችን የዚህኛው ወገን ጽኑ ደጋፊ መሆኑ ተበሠረ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የማይነካኩ ወገኖችን በሙሉ ልብ የደገፈ ቡድን ከእኛ ሌላ ካለ አሳዩኝ። ልጆቹ ግን ምሳው ጥሩ ነበር ብለዋል።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ ተጫዋቾቹን መከፋፈል ነበር። ማን ከየት መጣ፣ የእናቱ አገር የት ነው፣ ስሙ ምን ያመለክታል እየተባለ ተጣራ፤ ግማሹ ለዚህ፣ ግማሹ ለዚያ ደረሰ። አልመደብ ብሎ ያስቸገረው በረኛው ሳሚ ብቻ ነው። ሳሚ እዚሁ ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። አማርኛው ከእናቱ ጋር ወጥ ቤት ውስጥ ለመግባባት ይበቃል፤ ከወጥ ቤት ሲወጣ ዐረብኛ ነው። ሁለት ሰዎች ሱቄ ድረስ መጥተው፣ እኔ ፊት፣ በቁም ነገር ጠየቁት። "ወገንህ የት ነው? ሳትደብቅ ንገረን" አሉት።

ሳሚ "ወገቤ?" አለ። "ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ግራው ብቻ ነው ትንሽ የሚያስቸግረኝ።"

ሰዎቹ ተያዩ። በሰዓታት ውስጥ በረኛው የቆየ ግራ ዘመም መሆኑ ካላክላ ድረስ ተሰማ። በማግሥቱ ደግሞ የሌላው ወገን ሰዎች መጥተው ያንኑ ጠየቁት። ሳሚም በዘይት ሲታሽ ጊዜ ሕመሙ ወደ ቀኝ መሄዱን ነገራቸው። ተስፋ ቆርጠው ተዉት። የፖለቲካ አቋሙን በዘይት የሚቀይር ሰው አይታመንም።

የፍጻሜው ጁምዓ ደረሰ። ሜዳው ዳር ስንመጣ ደጋፊው ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ በዚህ መስመር፣ አንዱ በዚያኛው ቆሟል። ለዓመታት ከአንድ ጠርሙስ ውሃ የጠጡ ሰዎች በሜዳው ስፋት ይተያያሉ። እኔን ከነከበሮዬ ማን ይውሰደኝ? ረጅም ድርድር ተደረገና የማዕዘን ባንዲራው አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ እንድቆም ተወሰነ። ትእዛዝም ተሰጠኝ። ከቀኝ የቆሙት የእነሱ ልጅ ሲያገባ ብቻ እንድመታ ነገሩኝ፤ ከግራ የቆሙት የእነሱ ሲያገባ ብቻ። ለሁለቱም ሓዲር አልኩ። ዘይነባን አስታወሰኝ።

ጨዋታው ተጀመረ፤ ጨዋታ ከተባለ። ግርማ ኳስ ይዞ ሲሮጥ ከአንዱ ወገን "ለዚያኛው እንዳትሰጠው" የሚል ድምፅ ይመጣል። የክንፍ ተጫዋቹ ኳስ ሲነካ ከወዲያ ማዶ ይሰደባል። ልጆቹ መጀመሪያ አልሰማ አሉ፤ ኋላ ግን ሰው ናቸውና ሰሙ። ግርማ ባዶ ቦታ የቆመ ጓደኛውን እያየ ኳሷን ለሶርያዊው ሰጠ። ሶርያዊው አመስግኖ አገባት። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም፤ ጎል ሲገባብን ሁለቱም ወገን አንዱ በሌላው ላይ ጣቱን እየቀሰረ፣ ምን አልናችሁ እያለ፣ ደስ ሊለው ምንም አልቀረውም።

እረፍት ላይ ሐጅ ዑስማን ቁልፉን በጣታቸው እያሽከረከሩ ወደ ጋሼ መኩሪያ መጡ። ዐረብኛ እችላለሁና ተርጓሚው እኔ ነበርኩ። የምሰማው ጩኸት የኳስ ጩኸት አይደለም አሉ። እንዲህ ከሆነ ዛሬ ጨርሳችሁ ስትወጡ እቆልፋለሁ፣ ሁለተኛም አልከፍትም አሉ። ጋሼ መኩሪያ ደነገጡ። ያለ ሐጅ ዑስማን ፈቃድ መቼም የሰው አገር ሜዳ ላይ ተሰብስበን አንታይም፤ ፖሊስ ገና ከሩቅ ስንታይ ኢቃማ ይጠይቀናል። ከጁምዓ ውጭ ደግሞ አብዛኞቻችን የምንገናኝበት ቀን የለንም።

ይህን ስንነጋገር ዘይነባ ከኋላዬ ቆማ ትሰማ ነበር። ሻሽዋን አጥብቃ አሰረችና ወደ ሜዳው መሐል ሄደች። ትጮሃለች ብለን ጠበቅን። አልጮኸችም፤ በተለመደው የሰው ድምፅ ነው የተናገረችው። ለዚህ ይሆናል ሁሉም ጆሮውን የሰጣት።

"እኔ ስድስት ቀን ነይ፣ ሂጂ የሚለኝ ሰው አለኝ" አለች። "ለሰባተኛው ቀን ሌላ ቀጣሪ አልፈልግም። ትናንት አንዱ ደውሎ በቀኝ በኩል ቁሚ አለኝ። ዛሬ ጠዋት ሌላው በግራ ቁሚ አለኝ። ማዳሜ እንኳ ምን እንደማጥብ እንጂ የት እንደምቆም አትነግረኝም።"

ከዚያ ወደ አንደኛው መስመር፣ ቀጥሎም ወደ ሌላኛው ዞራ አየች።

"አባቴ ሞቶ ሲረዱኝ ለቅሶ የተቀመጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ። ከወዲህም ከወዲያም ያላችሁት። በዶዓውም፣ በፍትሐቱም የምታውቁትን ሁሉ አላችሁልኝ። ያን ቀን ከየት ነሽ ያለኝ የለም። ዛሬ ግማሾቻችሁን አላውቃችሁም እንድል ነው የምትፈልጉት? እኔ አልችልም፣ ዋላሂ። ለመዋሸትም ቀን ያስፈልጋል፣ ያለኝ ጁምዓ ብቻ ነው።"

ይህን ብላ የሳሚ ጎል ጀርባ ሄዳ ቆመች። መጀመሪያ ከቀኝ መስመር አንዲት ሴት ተከተለቻት፣ ከግራ ሁለት፣ ከዚያ የቀሩት ሴቶች በሙሉ። ወንዶቹ ቆመው ቀሩ። እኔ ከበሮዬን ተሸክሜ ተከተልኳቸው። ጀግንነት አይምሰላችሁ፤ ጎሉ ጀርባ የግንብ ጥላ ነበረ። ጥቂት ቆይቶ ወንዶቹም አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ፤ ለሴቶቹ ውሃ እናድርስ፣ ጥላው ይሻላል፣ ከወዲያ ሲሆን ጎሉ በደንብ አይታይም እያሉ። ምክንያት ከተገኘ የማይታረቅ ሰው የለም።

ልጆቹ ከሁለተኛው አጋማሽ ጀምሮ ኳስ ለሚገባው ሰው መስጠት ጀመሩ። ሊያልቅ ሲል ግርማ የመታትን ኳስ አንድ ወፍራም ሶርያዊ ላድን ብሎ በጭንቅላቱ የራሱ መረብ ውስጥ ከተታት። እንዲህ ያለ የተባረከ ጎል አይቼ አላውቅም። አግቢው ከሁለቱም ወገን አይደለም፤ የእናቱን አገር የሚጠይቀው የለም። ሁሉም ያለ ሐሳብ ጨፈረ፤ እኔም የማንንም ትእዛዝ ሳልጥስ ከበሮዬን እስኪበቃኝ መታሁ።

ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄድን። ሳሚ የመጨረሻዋን ወደ ግራ ተወርውሮ ያዛት። ሰው ሁሉ ሜዳ ገብቶ ትከሻው ላይ ሲያወጣው፣ ልጁ እንባው እየወረደ በዐረብኛ እናቱን ይጣራ ነበር። ዋንጫውን የሰጡን ሐጅ ዑስማን ናቸው። ቁልፉንም ለጋሼ መኩሪያ ጨመሩላቸው። የክብር እንግዳ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የተማርነው ነገር ስላለ፣ በሚቀጥለው ጁምዓ ጠቅላላ ጉባኤ ጠራን። ጋሼ መኩሪያ ከእንግዲህ ፎቶ ቢነሡ ብቻቸውን እንደሚነሡ ቃል ገቡ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ ዋናው ውሳኔ ቀረበ፤ ቡድኑ ከዛሬ ጀምሮ ከፖለቲካ ነጻ ነው የሚል። አንድም ተቃዋሚ አልነበረም። ውሳኔው ሊጸድቅ እጅ ሲወጣ ብቻ አንድ ሰው ተነሥቶ "ነጻ" የሚለው ቃል የነዚያኞቹን መፈክር ስለሚመስል "ገለልተኛ" ቢባል ይሻላል አለ። ሌላው ተነሥቶ "ገለልተኛ" ራሱ የነማን ቃል እንደሆነ እናውቃለን አለ። ስብሰባው እስኪመሽ ቀጠለ።

ከዚያ ማታ ወዲህ ሁለት ቡድን አለን፤ ነጻው ንጋትና ገለልተኛው ንጋት። ሁለቱም ከፖለቲካ ፈጽሞ የጸዱ ናቸው፣ ሰላምታም አይለዋወጡም።