የመዝገብ ቤቱን ኮምፒውተር ለማፋጠን የተጠራ አራተኛ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፤ ከጠዋቱ 3፡00 ተጠርቶ 3፡50 የተጀመረ።
ቦታ፦ ሁለተኛ ፎቅ፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈው ጠረጴዛ ያለበት ክፍል።

የተገኙ፦
1. ምክትል ኃላፊው — ሰብሳቢ
2. የሕግ ባለሙያዋ — አባል
3. የንብረት ክፍል ኃላፊው — አባል
4. የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያው (በመሥሪያ ቤቱ አጠራር «ብሎን») — አባል
5. የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ — ያለ ድምፅ። ኮምፒውተሩን የሚጠቀሙት እርሳቸው ብቻ ስለሆኑ ገለልተኛ ሊሆኑ አይችሉም በሚል ባለፈው ስብሰባ ድምፃቸው ተነሥቷል።
6. ይህን የሚጽፈው ጸሐፊ

ምልዓተ ጉባኤ፦ አራት አባላት ያስፈልጋሉ፤ ሦስት ነበሩ። የንብረት ክፍል ኃላፊው ወንበር ሊቆጥሩ ብቅ ሲሉ በሩ ተዘግቶባቸው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የችግሩ ሁኔታ

ብሎን እንዳስረዳው ኮምፒውተሩ ያረጀ ነው፤ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሥርዓተ ክወና ነው፤ ሊኑክሱ ግን ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የገጽታው ነው፤ ማለትም ስክሪኑ ላይ የሚታየው መስኮት፣ ምናሌና ጌጣጌጥ ሁሉ። ጥላው፣ ሲዘጋ የሚንቀጠቀጠው መስኮት፣ በየደቂቃው የሚቀያየሩት 214 ፎቶዎች ተደማምረው ማሽኑን በአርባ ደቂቃ ያስነሡታል። «ይሄ እኮ በብስክሌት ቁም ሣጥን ማጓጓዝ ነው» ብሏል። ፎቶዎቹ የሕንፃው ምረቃ ዕለት የተነሡ ሲሆኑ በሁሉም ላይ ሰብሳቢው ሪባን ሲቆርጡ ይታያሉ።

ሠራተኛዋ እንዲናገሩ ተፈቅዶላቸው፣ ባለጉዳይ እስከ ደረጃው እንደሚሰለፍ ገልጸዋል። ትናንት አንዱ «እትዬ፣ የምንቀሰቅሰው ኮምፒውተሩን ነው ወይስ እርስዎን?» እንዳላቸው፣ በሥራ መጓተት ሁለት ማስጠንቀቂያ እንደተሰጣቸው፣ ሦስተኛው ሲደርሳቸው ምድር ቤት ወዳለው መጋዘን እንደሚዛወሩ አስታውሰዋል። ሦስተኛው ለምን እንደዘገየ ሲጠየቁ፣ ራሳቸው እንዲተይቡት ታዝዘው ኮምፒውተሩ እስኪነሣላቸው ሲጠብቁ መሰንበታቸውን መልሰዋል። ሰብሳቢው ይህ ከአጀንዳ ውጪ መሆኑ እንዲመዘገብ አድርገዋል፤ ተመዝግቧል።

አጀንዳ 2፦ ቀላል ገጽታ ስለ መምረጥ

ብሎን ሁለት አማራጭ አቀረበ፤ ኤክስኤፍሲኢ እና ኤልኤክስኪዩቲ። የሕግ ባለሙያዋ ሁለተኛውን ሦስት ጊዜ ለመጥራት ሞክረው ሲያቅታቸው፣ ጮክ ተብሎ ሊነበብ የማይችል ነገር ላይ እንደማይፈርሙ አሳወቁ። ወደቀ።

ስለ መጀመሪያው ብሎን መለያ ሥዕሉን አሳየ። አይጥ ነው። የንብረት ክፍል ኃላፊው ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ከመዝገብ ቤቱ አይጥ ለማስወጣት ሦስት ዓመት እንደፈጀ፣ አሁን በውሳኔ ልናስገባ ነው ወይ ሲሉ ጠየቁ። ብሎን «ጋሼ፣ ሥዕል እኮ ነው» ቢላቸው «ያኔም ሲጀምር አንድ ብቻ ነበር» ብለዋል። በዚህ ነጥብ ላይ አርባ አምስት ደቂቃ ውይይት ተደርጓል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦

ውሳኔ 1፦ ኤክስኤፍሲኢ አይጡ እንዲወጣ ተደርጎ ይጫን።

ውሳኔ 2፦ አዲሱ ገጽታ ጥቂት ሜሞሪ ስለሚበቃው፣ የሚተርፈው ሜሞሪ በንብረት ክፍል በደረሰኝ ገቢ ይሁን። (ብሎን ሊያስረዳ ጀምሮ ትቶታል።)

ውሳኔ 3፦ መጓተቱ የማሽኑ እንጂ የሰው እንዳልሆነ ስለ ታመነ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ይቅር። በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ጸደቀ። የተዓቀቡት ሰብሳቢው ናቸው።

አጀንዳ 3፦ ሙከራ

የሙከራ ጊዜው ሦስት ወር ይሁን ወይስ ስድስት የሚለው እየተነሣ ሳለ ሠራተኛዋ እጃቸውን አውጥተው፣ ሙከራው ማለቁን ተናገሩ። ብሎን ኤክስኤፍሲኢን ትናንት ከሰዓት ጭኖላቸው ዛሬ ከ2፡30 ጀምሮ፣ ስብሰባው እስኪሞላ ድረስ፣ ሠላሳ አንድ ሰው አስተናግደዋል። «ወረፋው አለቀብኝ። ምን እንደምሠራ ግራ ገባኝና መጣሁ» ብለዋል።

ኮሚቴው ለማረጋገጥ ወደ መዝገብ ቤቱ ወረደ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ፣ የሕግ ባለሙያዋ መነጽራቸውን ከቦርሳቸው ሳያወጡ ተነሣ። የንብረት ክፍል ኃላፊው ከጠረጴዛው ሥር ጭምር አይተው አይጥ አለመኖሩን አረጋገጡ።

ሰብሳቢው ሰማያዊውን ስክሪን ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ «ሪባኑስ?» ሲሉ ጠየቁ።

ብሎን ፎቶዎቹ በአንድ ማኅደር በክብር መቀመጣቸውን መለሰ። ሰብሳቢው የሚናገሩት ስለ ራሳቸው ሳይሆን ስለ ተቋሙ ገጽታ መሆኑን አበክረው ገልጸው፣ ውሳኔ ሳይሰጥበት የተፋጠነ ኮምፒውተር እንደ ተፋጠነ ሊቆጠር አይችልም ብለዋል። የሕግ ባለሙያዋ ደንቡን አገላብጠው ተስማሙ። የንብረት ክፍል ኃላፊውም የተረፈው ሜሞሪ ያለ ደረሰኝ መተላለፉ እንዳሳዘናቸው ተናግረዋል።

ውሳኔ 4፦ ከ1 እስከ 3 ያሉት ውሳኔዎች በሙሉ ተሽረዋል። ኮምፒውተሩ ከነ214 ፎቶው ወደ ነበረበት ይመለስ። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ዛሬውኑ ተተይቦ ይውጣ።

ሠራተኛዋ አንድ ጥያቄ አላቸው ተብሎ ተፈቀደላቸው። «ጠዋት ያስተናገድኳቸው ሠላሳ አንዱ ሰዎችስ? እነሱም ተሻሩ?» የሕግ ባለሙያዋ ለማጥናት ጊዜ ጠይቀዋል።

ብሎን የታዘዘውን ወዲያውኑ ፈጽሟል። ሲጨርስ ዝቅ ባለ ድምፅ «ይቅርታ እትዬ» ሲል፣ ሠራተኛዋ «ተወው ወንድሜ፣ ለአንድ ጠዋት ሰው መስዬ ዋልኩ» ማለታቸው ተሰምቷል።

ስብሰባው 6፡20 ላይ ተዘግቷል። ሰብሳቢው ግን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን ፈርመው ለመሄድ በመፈለጋቸው፣ ሁሉም ኮምፒውተሩ ፊት ቆመው ጠብቀዋል። 6፡50 ላይ ሰብሳቢው ሪባን ሲቆርጡ የሚያሳየው የመጀመሪያው ፎቶ ወገባቸው ድረስ ብቅ ብሎ ቆሟል። ሠራተኛዋ እንዲፈጥኑ ሲታዘዙ እጃቸውን አጣጥፈው «እኔማ ዝግጁ ነኝ፤ እርስዎን ነው የምንጠብቀው» ብለው ወደ ስክሪኑ ጠቁመዋል።

ይህ ቃለ ጉባኤ በእጅ የተጻፈው በዚሁ ምክንያት ነው።