አረፋ መዛኙ ጋሽ ወልዴ

አረፋ የሚመዝን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ወልቂጤ ካላችሁ ሩቅ አትሂዱ፤ የእርሾ አምራቾች ማኅበራችን ሊቀመንበር ጋሽ ወልዴ አሉላችሁ።

እኔ ከወፍጮ ቤት በሚወጣ ፉርሽካ የዳቦ እርሾ አሳድጋለሁ። እርሾው ሲፈላ አረፋው የበርሜሉን ክዳን ገፍቶ ይወጣል። ማድረቂያ ማሽን ሊለግሱን ያሰቡ እንግዶች የመጡ ቀን፣ ጋሽ ወልዴ በርሜሉን እንደ ሙሽራ እያሳዩ «ይኸው፣ በርሜል ሙሉ ምርት!» አሉ።

«ጋሼ፣ አብዛኛው ውሃና አረፋ ነው። ምርቱ የሚታወቀው ተጣርቶ ሲደርቅ ነው» አልኩ።

«ዝም በይ፣ አታዋርጂን!» አሉኝ በሹክሹክታ።

እኔ ዝም? እኚህ ሰው ገበያ ወጥተው ቆጮ ሲገዙ፣ ውሃው እስኪንጠባጠብ በጭብጣቸው ሳይጨምቁ ዋጋ አይጠይቁም! የእኔ እርሾ ሲሆን ነው ከነውሃው የሚመዘነው?

ከበርሜሉ በጆግ ቀዳሁና ወፍራም ጨርቅ ላይ ገለበጥኩት። ጨርቁን ቋጥሬ ሰጠኋቸው። «እንግዲያው እንደ ቆጮው ይጭመቁልኝ።»

እጃቸው ልማድ አለበትና ጨመቁት። የጆጉ ሙሉ «ምርት» ተንጠባጥቦ አልቆ፣ ጨርቁ ውስጥ አንዲት ጉርሻ የምታህል እርሾ ቀረች።

«ይቺ ብቻ?» አሉ፣ ድምፃቸው ሰልሎ።

«አዎ፣ ይቺ ብቻ!» አልኩ፣ እንግዶቹ እንዲሰሙ። «ዳቦውን የምትነፋው ይቺው ናት። አረፋውን ለሪፖርትዎ ይውሰዱት።»