ማንንም ሳልነካ ያመጣኋት ነሐስ

ያልሠራችሁበትን ምስጋና ተቀብላችሁ ታውቃላችሁ? ያሳክካል። የሚያክኩበት ቦታ ደግሞ የለውም።

እኔ የላሊበላ መሪጌታ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ለትምህርት ሄጄ ጁዶ ለመድሁ። ጁዶ ማለት ሰውን በኮሌታው ይዞ በጀርባው መዘርጋት ነው። ጊዜው የኢሕአዴግ ነው፤ ለብሔራዊ ቡድን ተመረጥሁ። ተመረጥሁ ልበል እንጂ በኔ ክብደት ሌላ ሰው አልነበረም።

አፍሪካ በሙሉ ለስፖርት የተሰበሰበበት አገር ሄድን። የውድድሩ ቀን ከነጋ ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። ቁጭ ብድግ፣ ቀበቶ ጠበቅ ላላ። አሠልጣኛችን ወንበሩ እሾህ አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

የመጀመሪያው ተጋጣሚዬ አውሮፕላን አምልጦት ቀረ። ዳኛው እጄን አነሳልኝ፤ አሸነፍሁ። አሠልጣኙ ሌላውን ልጅ ሊያሟሙቅ ሲወጣ እኔ ሁለተኛውን እጠብቃለሁ። ድምፅ ማጉያው "ዜጌ! ዜጌ!" ይላል። የጣናውን ዜጌ እዚህ ድረስ ማን አሳወቃቸው ብዬ ተገረምሁ። ለካ "ጸጋዬ" ማለት አቅቷቸው እኔን ነው የሚጠሩት! በመቅረት ተሸነፍሁ። ለነሐስ የሚገጥመኝ ደግሞ ጉልበቱ ተጎድቶ እያነከሰ መጣ፤ ሐኪሙ ከለከለው። እናም የሰው ኮሌታ ሳልይዝ ሜዳሊያ አንገቴ ላይ ገባ።

ወደ አገሬ ስመለስ ያ ያልወጣ ትግል ሰውነቴ ውስጥ ይንቀዠቀዣል። ጋሸና ላይ መኪና ስቀይር ምሳዬን ቆሜ በላሁ። ጎበዝ ነኝ? ፈሪ ነኝ? አላውቅም።

ላሊበላ በእልልታ ተቀበለኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ጠርቶ ሜዳሊያው የልማት ውጤት ነው አለ። ተነስቼ እውነቱን ተናገርሁ፤ አንዱ አልመጣም፣ አንዱ ጋ አልቀረብሁም፣ አንዱ ታመመ አልሁ። ጭብጨባው ባሰ። በማግስቱ ገበያው ሁሉ አንዱ ስሙን ሰምቶ ጠፋ፣ አንዱ ደግሞ ሲያየው ጉልበቱ ከዳው ይል ጀመር። ለአባቴም ለብቻቸው ነገርኋቸው።

"ልጄ፣ አለመኩራራትህ ከሜዳሊያው ይበልጣል" አሉኝ።

እውነት አርነት ያወጣል ይባል የለ? እኔን አሰረኝ።

ከላሊበላ ወጣ ብሎ ብልባላ ላይ ጌታው የሚባል ገበሬ አለ። ለአህያ የሚከብደውን ጭነት ብቻውን የሚያነሳ ነው። ሰው ሁሉ ስሜን ሲያነሳበት መረረውና ይምጣና ይጣለኝ ብሎ ላከብኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ቢጥለኝም ቁርጤን ልወቅ ብዬ በእግሬ ገሰገስሁ።

አውድማው ላይ ተገናኘን። ጋቢውን ጣለ፣ እኔም ጃኬቴን ጣልሁ። ያዘኝ፤ ያዝሁት። ወገቤን ዝቅ አድርጌ ልገባበት ስል አንድ ዘንግ በመካከላችን ገባ። ሦስት ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አይተውን ነው።

"በእመቤቴ፣ ልቀቁ!" አሉ ትልቁ።

አልተጣላንም ብለን ማልን።

"የተጣላ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚለው። ተቀመጡ።"

እንቢ ይባላል? ተቀመጥን። እኔ መሬቱን በጣቴ እጭራለሁ፤ ጌታው ጢሙን ይነጫል። ሽማግሌዎቹ ምክንያታችንን ሲፈልጉ ሲፈልጉ፣ የሱ አያትና የኔ አያት በድንበር እንደተካሰሱ አንዱ አስታወሱ። በቃ፣ ተገኘ! ቂም ነው ተባለ። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባልን፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ጌታው ጆሮዬ ላይ ቀስ ብሎ "እጥልህ ነበር" አለኝ። እኔም እጥልህ ነበር አልሁት።

ሌላ ቀን ልንገናኝ ተቃጥረን ነበር። ሚስቴ ግን ያን ጊዜ እርጉዝ ነበረች፤ ሽማግሌዎቹ እርቁ እንዲጸና ስትወልድ ጌታውን የልጄ የክርስትና አባት አደረጉት። አሁን አበልጄ ነው። በየበዓሉ ቤቴ ይመጣል፤ ሰፊ ኮሌታውን እያየሁ ጠላ እቀዳለታለሁ። እጄን ይበላኛል። ግን አበልጁን በጀርባው የሚዘረጋ የላስታ ሰው የት ታይቶ?