ክቡር ጋሼ ቅንፍ

የኮምፒውተር ፕሮግራም በሚጻፍበት ቢሮ ሁሉ፣ ቅንፍ ሳይከፍት የማይተነፍስ አንድ ሰው አይጠፋም። የውሃ ቧንቧ ለሚዘረጋው መሥሪያ ቤት የደረሱት ክቡር ጋሼ ቅንፍ ነበሩ። ያኔ ስክሪኑ ሁሉ ቦርጫም ነበር፤ የእሳቸው ግን ከሁሉም ይብስ ነበር።

አጠገባቸው ወንበር የደረሳት አዲስ ተቀጣሪ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ተፈተነች። ወረቀት ላይ የመቀነስ ምልክት፣ ሦስት ቁጥርና ከአናቱ ትንሽ የርቢ ሁለት ጽፈው ስንት እንደሆነ ጠየቋት። ዘጠኝ አለች። እንደየፕሮግራም ቋንቋው ነው አሏት፤ አንዱ ምልክቱን ከነቁጥሩ በራሱ አባዝቶ ዘጠኝ ይላል፣ ሌላው ሦስቱን ብቻ በራሱ አባዝቶ ምልክቱን ኋላ ይለጥፍና ኔጌቲቭ ዘጠኝ ይላል። «ማን እንደሚቀድም ካልነገርሽው በራሱ ወግ ይሄዳል። ቅንፍ አድርጊ።»

ይቺን «ቅንፍ አድርጊ» በቀን ስንቴ እንደሰማቻት እግዜር ይወቀው። ሲያስነጥሱ እንኳ ቅንፍ ከፍተው ይዘጋሉ እየተባለ ይሳቅባቸው ነበር፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

አንድ ጊዜ አሮጌውን የቧንቧ ስሌት ወደ አዲስ ቋንቋ እንድታዛውር ተሰጣት። ተጣድፋ ጨረሰች። ውጤቱ ሲወጣ ግን ለአንድ ሰፈር ውሃ የሚያደርሰው ዋና ቧንቧ እንደ ብዕር ቀጥኖ ተገኘ፤ ትእዛዙ ደግሞ በማግሥቱ ለፋብሪካ ሊላክ ነው። ቅንፉን ሁሉ ደጋግማ አየች፤ ልክ ነው። ጋሼን ጠራቻቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ምንም ሳይቀረው አነበቡ። በአሮጌው ቋንቋ ርቢን የምታሰላው ቆብ መሳይ ምልክት፣ በአዲሱ ለሌላ ሥራ ተቀጥራለች።

«ልጄ፣ ይቺንስ ቅንፍም አያድናት» አሉ። «መልኳ ያው ነው፤ ሙያዋን ግን ቀይራለች።»

አለቃው ብቅ ብሎ ሥራው ለምን እንደዘገየ ሲጠይቅ፣ ቀድመው መለሱለት፤ ያዘገየኋት እኔ ነኝ፣ ዕድሜ ነው አሉት። ነገሩን ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሱባትም።

አሁን እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል፤ ክፍሉን የምትመራው እሷ ናት። ቢሮው ጭር ሲልባት ትደውልላቸዋለች። ባለፈው፣ ርቢ በርቢ ላይ ሲደራረብ ስሌቱ ከየት በኩል ይጀምራል ብላ ጠየቀቻቸው። ከላይ ወደ ታች ነው ብለው ጀመሩ፤ ይህን ሕግ የማያከብሩትን ቋንቋዎች እንደ ባለጌ ዘመድ አንድ በአንድ አነሱ። ሻይዋ ቀዘቀዘ።

«ይኼን እኮ ታውቂዋለሽ» አሏት ድንገት።

«አውቀዋለሁ ጋሼ» አለች። «ይቀጥሉ።»