ተስማምተው የሚከራከሩት መምህር ሎደዋይክ

ከተቃዋሚ ጋር መኖር ቀላል ነው፤ ወይ ይሸሹታል ወይ ይለምዱታል። መከራው ተስማምቶ ከሚከራከር ሰው ጋር መኖር ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ለእኛ ሰፈር ግን የደረሰን የዘሩ አለቃ ነው፤ ቦዩ ዳር ባለችው ቤቴ ፎቅ ላይ አከራይቼ ያኖርኳቸውም እኔ ባርቤ፣ ባል የሞተብኝ ሴት ነኝ።

ክቡርነታቸው መምህር ሎደዋይክ ታምሰን ፈላስፋ ናቸው፤ በዚያ ላይ የሒሳብ ሊቅ። ስለ ጠማማ መስመሮች የጻፉት መጽሐፍ እስከ ፓሪስ ድረስ ሰው አጣልቷል ይባላል። እኔ የማውቀው ግን እስከ ቀትር አልጋቸው ላይ ተጋድመው፣ በሩን ሳንኳኳ "እየሠራሁ ነው" እንደሚሉኝ ነው። ጎረቤቶቼ በማለዳ ደጃፋቸውን በሳሙና ሲፈትጉ ቀና ብለው የተዘጋውን መጋረጃ ያያሉ፤ ከዚያ እኔን ያያሉ። እኔ ደግሞ አንገቴን ደፍቼ ደጄን እፈትጋለሁ።

አንድ ቀን ዳቦ ጋጋሪው ዊቦ "ዛሬስ ሊዘንብ ነው፣ መምህር" አላቸው።

"ልክ ነህ። እንዴት አወቅህ?"

"ጉልበቴን ይዞኛላ።"

"ድምዳሜህ ትክክል ነው፤ ማስረጃህ ግን ደካማ ነው" ብለው ጀመሩ። እስኪጨርሱ ዝናቡ መጥቶ ሄደ፤ ምድጃ ውስጥ የነበረው የአጃ ዳቦም ከሰል ሆነ። ከዚያ ወዲህ ዊቦ ሲያያቸው ስለ አየሩ ምንም እንደማያውቅ አስቀድሞ ይናገራል።

የባሰው የዓሣ ነጋዴው የሬይነር ቀብር ዕለት የሆነው ነው። ሚስቱ "ደግ ሰው ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ጮሆብኝ አያውቅም" እያለች ስታለቅስ፣ መምህር እጇን ያዙና "ደግ ነበር፣ እመሰክራለሁ። አለመጮኹ ግን ደግነቱን አያሳይም፤ ድዳም አይጮኽም" አሏት። ሴትዮዋ ለቅሶዋን አቋርጣ አፍጥጣ ቀረች። በክርኔ እየገፋሁ ወደ ውጭ ሳወጣቸው "ምን አጠፋሁ? ተስማማሁላት እኮ" ይሉኛል።

ባለፈው መከር ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። አንድ አሳባቂ "ይኼ ሰውዬ ሁሉን ነገር ይጠራጠራል፤ እግዚአብሔርንም ሳይቀር" ብሎ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ነገረ። ሐሙስ መጥተው ሊመረምሯቸው፣ መልሳቸው ካላማረም እስከ እሑድ ከከተማው ሊያስወጧቸው ቆረጡ። መምህር ቀድሞም ከሦስት ከተማ ተባረዋል። ስልሳ ሊሞላቸው ነው፤ ሳንባቸው ደካማ ነው፤ ቦዩም ከብርዱ የተነሣ ዳር ዳሩን በረዶ ሆኖ መርጋት ጀምሯል። እውነቱን ልናገርና፣ ፈራሁ።

"ለመሆኑ በእግዚአብሔር ያምናሉ?" አልኳቸው በዋዜማው።

"አምናለሁ እንጂ። ሦስት ማስረጃ አለኝ።"

"እሰይ። እንግዲያው ‘አዎ’ ይበሉና ዝም ይበሉ።"

"የእነሱ ማስረጃ ግን..."

"ዝም ይበሉ አልኩ።"

"ወይዘሮ ባርቤ፣ የተሳሳተ ማስረጃ ፊቴ ቆሞ ዝም ካልኩ፣ ምኑን ፈላስፋ ሆንኩት?"

"ዝም ካላሉስ በዚህ ሳንባዎ የማን ጎተራ ውስጥ ሊከርሙ ነው?"



ሐሙስ ቄስ ሂልብራንት ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ፤ የእንጨት ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አውልቀው ገቡ። እግዚአብሔር አለ ወይ ብለው ጠየቁ። "አዎ" አሉ መምህር። ዓለምን የፈጠረ እሱ ነው ወይ? "አዎ።" የሚመግበንስ? "አዎ።" ሰው አዎ ሲል መስማት እንዲህ ያስጨንቃል ብዬ አስቤ አላውቅም። በእያንዳንዷ አዎ ፊታቸው እየቀላ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ግን ረክተው ተነሡ፣ ባርኔጣቸውንም ደፉ።

በሩ ላይ ሲደርሱ ቄስ ሂልብራንት ዞር አሉ። "እሑድ ሰብኬዋለሁ እኮ። ሄሪንግ ዓሣው በየዓመቱ ጀልባዎቻችን በወጡበት ሳምንት ልክ ከች ይላል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ምን ይመጣል?"

ማንበብ የማልችለው እኔ እንኳ ቀዳዳው ታየኝ፤ ጀልባዎቹ የሚወጡት ዓሣው የሚመጣበትን ሳምንት ጠብቀው ነዋ። መምህር አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። ምን እንዳዩብኝ አላውቅም፤ ግን አፋቸውን መልሰው ዘጉ።

"ደህና ይዋሉ፣ ቄስ ሂልብራንት" አሉ ቀስ ብለው።

ሰዎቹ ሲሄዱ መምህር ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።  ሁለት ባል አግብቼ ቀብሬያለሁ። አንዱ ይህን ቤት ሠራልኝ፤ ሌላው ከባሕር ማዶ የሸክላ ዕቃ አመጣልኝ። ለእኔ ሲል አንዲት ቃል የዋጠ ግን ከሁለቱ አንድም አልነበረም። መምህር ለእኔ ብለው ይሁን የክረምቱን ብርድ ፈርተው አላረጋገጥኩም፤ ለእኔ ነው ብዬ ይዤዋለሁ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። "በሉ አሁን ይንገሩኝ። የሄሪንጉ ነገር ምኑ ላይ ነው የተበላሸው?"

ነገሩኝ። ከሄሪንጉ ወደ ጀልባው፣ ከጀልባው ወደ ጨረቃ፣ ከጨረቃ ወደ ጠማማ መስመሮቻቸው ገቡ። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ ሾርባው ቀዘቀዘ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ተከትያቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አንዲትም አልገባችኝም።

"ገባዎት?" አሉኝ በመጨረሻ።

አዎ ብላቸው ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ሲያልቅባቸው ደግሞ እንደሚከፋቸው አውቃለሁ።

"ገብቶኛል። ግን አልስማማም" አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። ጠመኔ ሊያመጡ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ወጡ።